የወጂህ የስንብት ጨዋታ

ወጂህ ምንቃራ ሲነዳ አያወራም። ከአል-ሚና ወደብ ተነስቶ የሊባኖሷ ትሪፖሊ የሰዓቱ ማማ እስኪደርስ፣ በዚያች አሮጌ መርሴዲስ ታክሲ ታጭቆ የሚሄደው ሰው ስለ ዳቦ ወረፋ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ቤይሩት ስለተቀመጡት ሌቦች ሲያወራ እሱ መሪውን ጨብጦ ዝም ነው። አልፎ አልፎ ግን ፀጉሩን ሽበት የወረረው አንድ መንገደኛ በመስታወቱ ያተኩርበትና፣ «ቆይ እስቲ፣ አንተ ወጂህ አይደለህም? አጥቂው?» ይለዋል። ወጂህ ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ በቃሉ ያውቀዋል።

«ታዲያ ምን ነክቶህ ነው እንደዚያ ሜዳ ላይ ቀልጠህ የቀረኸው?»

«ጉልበቴ ነው» ይላል።

ውሸቱን ነው። ጉልበቱ የተበላሸው በኋላ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ወደብ እንደ ወጂህ ያለ አጥቂ ወልዶ አያውቅም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ጫማ ሳይኖረው የጀልባ መጎተቻው ሲሚንቶ ላይ ኳስ ሲለጋ ያደገ። ግብ ክልል ውስጥ ከገባ ተከላካዩም በረኛውም «በቃ፣ አለቀልን» ይሉ ነበር። ከቆጵሮስ ድረስ ሊያየው ሰው ተልኮ ነበር። የአል-ሚና እናቶች ልጃቸው ተንኮል ሲሠራ «ወጂህን እይ፣ እንደሱ ጨዋ ሁን» ብለው ይቆጡበት ነበር እኮ!

ያቺ የዋንጫ ቀን ግን መጣች። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። መንግሥት መሣሪያ አስረክቡ ሲል፣ ሰዉ የዛገውን አስረክቦ ደህናውን ፍራሽ ሥር ከቶታል። ሙሽራ ሲወጣ ይተኮሳል፣ ሬሳ ሲወጣ ይተኮሳል፣ ልጅ ፈተና ሲያልፍ ይተኮሳል። ከቤይሩት ከመጣው ቡድን ጋር አቻ ከወጡ ዋንጫው ሊሄድ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ወጂህ ኳሷን በደረቱ አብርዶ በግራ እግሩ ቢለጋት መረቡ ላይ አረፈች። ወደቡ ባንዴ ተናወጠ። ከሰገነቱ፣ ከጀልባው፣ ከየመስኮቱ ጥይት ወደ ሰማይ ተንጣጣ።

ወጂህን ትከሻ ላይ አውጥተው በባሕሩ ዳር እያስጨፈሩት ሳሉ ነው የሴቶች ጩኸት የመጣው። ነጅላ የምትባል ሴት፣ የመረብ ጠጋኙ የበድዊ ሚስት፣ ጣራ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጥይት አናቷ ላይ ወርዶ ገድሏታል። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው ሰማይ ቤት አይቀርም። ይኼን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ግን ይተኩሳል። አይ የኛ ሰው! ፖሊስ መጣ፣ ጣራውን አየ፣ «ከየት እንደመጣ አይታወቅም» ብሎ ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ተኩሶ ማን ማንን ይጠቁም?

በማግሥቱ ወጂህ ለቅሶ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ተሰልፎ የሐዘንተኞቹን እጅ ይጨብጣል። ተራው ደርሶ እጁን ሲዘረጋ በድዊ አልጨበጠውም። አይቶት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወጂህ እጁ በአየር ላይ ቀረ። አዳራሹ ሁሉ አየ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ወጂህ ግን ሰማ። «አንተ ያቺን ኳስ ባታገባ ሚስቴ ዛሬ ልብሷን አጥፋ ታስገባ ነበር» ያለው ነው የመሰለው።

ከዚያ ወዲያ ያ እግር እግር አልሆነም። ግብ ክልሉ ጫፍ ሲደርስ ጆሮው ውስጥ ጥይት ይንጣጣበታል፤ ኳሷን ላገኘው ሰው ይሰጥና ይገላገላል። በረኛው ወድቆ፣ መረቡ ባዶውን አፉን ከፍቶ እየጠበቀው ወደ ኋላ መልሶ ያቀበለበት ቀን አለ። «ጉቦ በልቶ ነው!» አሉ። ስድብ አዜሙለት። የቆጵሮሱ ሰው ሁለተኛ መጥቶ አየው፣ እየሳቀ ሄደ። ወጂህ ለማንም አልተናገረም፣ ለሚስቱም ጭምር። ነገሩን ዋጠው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ሆዱም ፈጀው። በኋላ ጉልበቱ ሲሄድ እንዲያውም ደስ አለው፤ ለሰው የሚነገር ምክንያት ተገኘለታ!

ሃያ ዓመት አለፈ፤ ከዚያም በላይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በድዊ የወጂህ ታክሲ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዝናብ እየደበደበውም ቢሆን መርሴዲሷን ሲያይ ዞር ብሎ ባሕሩን ያያል።

ታዲያ በዚህ በጸደይ ሐጅ ኸይረዲን ወጂህ ቤት መጣ። ድሮ የቡድኑ በረኛ ነበር፤ አሁን ሆዱ ቀድሞት የሚገባ የክለቡ ሰብሳቢ ሆኗል።

«የስንብት ጨዋታ ልናዘጋጅልህ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የድሮዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። ተከላካዮቹ ዘወር ይሉልሃል፣ በረኛው ይወድቅልሃል፣ አንዲት ጎል ታገባለህ፣ ትከሻ ላይ አውጥተን እናሰናብትሃለን። እንደ ወጉ!»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«በዚህ ሆዴ እኔስ በረኛ ልቆም አይደል እንዴ! ኳሷ ሆዴን ስታይ ራሷ ትሸሻለች።»

ሚስቱ ሙንታሃ ሳቀች። እሷ በዚህ ነገር ለዓመታት ስትቃጠል ኖራለች። ባሏን ሌባ ብለው የሰደቡት ሰዎች ተነስተው ሲያጨበጭቡለት ለማየት የማትሰጠው ነገር የለም። ወጂህም ቢሆን፣ ምን ይደበቃል፣ ልቡ ዘለለች። በሕይወቱ አንዴ እንኳ ማንም ሳይሞት ጎል አግብቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ! ሌላ ምንም አልፈለገም።

«መጀመሪያ አቡ ናሂድን መጠየቅ አለብኝ» አለ። አቡ ናሂድ የሚሉት በድዊን ነው፤ ናሂድ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለችው።

ሐጅ ኸይረዲን ዓይኑን አፈጠጠ። «በድዊን? ምን ልትለው?»

«ፈቃዱን።»

«አንተ ነህ እንዴ የተኮስከው?» አለች ሙንታሃ። «አንተ ኳስ ነው የመታኸው፣ ወጂህ! ኳስ! እስከ መቼ ነው የሌላ ሰው ኃጢአት ተሸክመህ የምትዞረው?»

እሷ እንደምታውቅ ያን ቀን ነው ያወቀው። ሴት ልጅ ከሃያ ዓመት በላይ አብራህ ተኝታ አታውቅብኝም ብለህ ትኖራለህ፤ ሞኝ!

«እሱ ሂድ ተጫወት ካለኝ እጫወታለሁ። ካላለኝ አልጫወትም» አለ ወጂህ። ከዚህ የሚያነቃንቀው ጠፋ።

እንዲህ ላለ ጉዳይ ሽማግሌ አስከትሎ ነው የሚኬደው። ወጂህ ግን ብቻውን ሄደ። ዓርብ ከሰዓት፣ ከስግደት መልስ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የበድዊን ጠባብ ደረጃ ጉልበቱን እየደገፈ ወጣ። በሩን የከፈተችው ናሂድ ናት። እናቷ ስትሞት ገና መናገር የጀመረች ሕፃን ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አየችው፣ ፊቷ ጠቆረ፣ መንገድ ግን ለቀቀችለት። በር ላይ የመጣ እንግዳ አይመለስም።

በድዊ መስኮቱ ሥር መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጠግናል። ሲያየው እጁ ቆመ። አርጅቷል፤ ትከሻው ወደ ውስጥ ገብቷል።

«አህለን፣ እንኳን መጣህ» አለ ቀስ ብሎ። «ተቀመጥ።»

ናሂድ መራራውን ቡና በሁለት ትናንሽ ፍንጃል አምጥታ አንዱን አባቷ አጠገብ አኖረች፤ ሌላውን ፊቱን ሳታየው ለወጂህ ሰጠችው። ወጂህ ተቀበለና ከንፈሩን ሳያስነካ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሦስቱም ፍንጃሉን አዩ። ቡናውን ሳይጠጣ ያስቀመጠ እንግዳ ትልቅ ጉዳይ ይዞ መጥቷል ማለት ነው፤ የቤቱ ጌታ «ጠጣ፣ የፈለግኸው ሆኖልሃል» እስኪለው ድረስ አይነካውም። ጉዳዩ ካልሆነለት ሳይጠጣ ይወጣል። ሳይጠጣ የወጣ ሰው ደግሞ ያንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም።

በድዊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ናሂድ፣ እስቲ ወርደሽ ትኩስ ዳቦ አምጪ።»

«ዳቦ አለ እኮ አባ።»

«ትኩስ አልኩሽ።»

ወረደች። የደረጃው በር እስኪዘጋ ወጂህ ጠበቀ።

«የስንብት ጨዋታ ሊያደርጉልኝ ነው» አለ ወጂህ። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ጥይት አይተኮስም፤ ኸይረዲን በልጆቹ ምሎልኛል። ግን አንተ ሳትፈቅድ ሜዳ አልገባም። ይቅርታህን ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ አቡ ናሂድ። ያቺን ኳስ በመምታቴ። ያን ጊዜ ልነግርህ ነበር፣ እጄን አልተቀበልከኝም።»

በድዊ መረቡን ከጭኑ ላይ አነሳና መሬት ላይ ጣለው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቅርታ?» አለ። «አንተ ከኔ?»

«ከአንተ ነዋ። ከሌላ ከማን?»

ከታች ጎዳና የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሽማግሌው ሳያቋርጥ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ።

«እኔ ያን ቀን እዚሁ ጣራ ላይ ነበርኩ። ሬዲዮኑን ይዤ። እሷ ልብስ ታሰጣለች። አንተ ስታገባ አበድኩ። የማን ደጋፊ ነበርኩ መሰለህ? ያንተ! ቡድኑን አይደለም፣ አንተን ነበር የምወደው። ሽጉጤን አወጣሁና ተኮስኩ። እሷ ጆሮዋን ይዛ ‹ተው አንተ ሰውዬ፣ አንሶላዬን ትቀድደዋለህ› ብላ ሳቀች። እየሳቀች ነው የወደቀችው። እጄ ይሁን የተንሸራተተው፣ ወደ ላይ የሄደው ይሁን የተመለሰው፣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ያን ቀን ሁሉም ተኩሷል» አለ ወጂህ። «የማን እንደሆነች በምን…»

«ሐኪሙ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጣት። የሽጉጥ ናት። በዚህ ሰፈር ያን ቀን የተተኮሰው ሁሉ ክላሽ ነው። ሽጉጥ የነበረኝ እኔ ነኝ። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ደግሞ ማን ይጠይቃል? ማንም አልጠየቀኝም። ቀብሬያት ስመለስ ባሕር ውስጥ ወረወርኩት።»

ወጂህ ሊነሳ ከጀለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሐዘን አይደለም የመጣበት፤ ንዴት ነው። እንደዚያ ያለ ንዴት ሜዳ ላይ እንኳ፣ ተረግጦም ተሰድቦም፣ ተሰምቶት አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ፊትህን አዞርክብኝ?» አለ። ጮኸ። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን እጄን ገፋህ? እኔ እኮ ገደልኳት ብዬ ነው የኖርኩት! እግሬ እኮ ነው የሞተው! ሌባ ተባልኩ፣ ጉቦኛ ተባልኩ፣ ሚስቴ ገበያ መውጣት አፍራ ነበር! አንዲት ቃል፣ በድዊ! ‹ያንተ ጥፋት አይደለም› ማለት ምን ይከብዳል?»

«ብታየኝ የምታውቅብኝ መሰለኝ» አለ ሽማግሌው። «ከዚያ ሰዎቹ በአንተ ላይ የተናደድኩ ሲመስላቸው… ዝም አልኩ። ደግ አይደለም። ግን አሳረፈኝ። እኔ ዘብጥያ ብወርድ ናሂድን ማን ያሳድጋት? ከዚያ ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስል… ዕድሜ እንዲህ ነው የሚያልቀው።»

ይኼን ብሎ የራሱን ፍንጃል አነሳና፣ ሳይጠጣ ከወጂህ ፍንጃል አጠገብ አስቀመጠው። ባለቤት በገዛ ቤቱ እንዲህ ሲያደርግ ታይቶ አይታወቅም።

«አንተ የምትለምነኝ ነገር የለህም። ተጫወት፣ የፈለግኸውን አድርግ። የምለምነው እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። የቀረችኝ እሷ ናት። ካወቀች ይኼን በር ዘግታ ትሄዳለች፣ እኔም እዚህ መስኮት ሥር ብቻዬን እሞታለሁ። ሞት አልፈራም፤ እሷ ሳትቀብረኝ መሞትን ነው የምፈራው።»

ወጂህ ሁለቱን ፍንጃሎች አየ። መነሳትና መውጣት ይችላል። ወርዶ የክለቡ በር ላይ ቆሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢናገር፣ እስከ ማታ ወደቡ ሁሉ ይሰማታል። የሰደቡት ይቅርታ ይጠይቁታል። ሙንታሃ ቀና ብላ ትሄዳለች። ለዚህ ነው አይደል የመጣው? ነፃ ልሁን ብሎ አይደል? ነፃ ወጥቷል እኮ! ታዲያ ለምን ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለው?

ሽማግሌውን አየው። አፍንጫው ይንጠባጠባል፣ አይጠርገውም።

ወጂህ የራሱን ፍንጃል አነሳና ጠጣው። ቀዝቅዟል፤ መራራ ነው። በድዊ የራሱን ሳይጠጣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወጂህ ያን ፊት ለማየት ሃያ ዓመት ጠብቆ አሁን ማየት አልፈለገም። ተነስቶ ወጣ።

ደረጃው መሃል ላይ ናሂድን አገኛት። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። መብራት ስለሌለ ደረጃው ጨለም ብሏል። ያሳልፋት ዘንድ ግድግዳውን ተጠጋ፤ እሷ ግን አላለፈችም።

«ቡናህን ጠጣህ፣ አሞ ወጂህ?» አለችው። አሞ የምትለው ልማድ ሆኖባት ነው፤ አጎት ማለት ነው፣ እዚህ ታላቅን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

«ጠጣሁ።»

«ይቅር አለህ ማለት ነው።» ዳቦውን ጠበቅ አደረገችው። «እሱ ልቡ ገር ነው። እኔ ግን ይቅር አላልኩህም፣ ልንገርህ። ልጅ ሆኜ ታክሲህን ሳይ ድንጋይ አነሳ ነበር። የተኮሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም አሉኝ። ሰው ያለ እናት አድጎ የሚጠላው ሰው እንኳ ከሌለው እንዴት ይሆናል? አንተን ግን አውቅህ ነበር። ስምህ ነበረኝ። እና አሁን ሊጨበጨብልህ ነው አሉ።»

ወጂህ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል። የቡናው ምሬት ገና ከጉሮሮው አልወረደም።

«ጨዋታው አይኖርም» አለ። «ትቼዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ጥፋቴ ነው ብለህ አታውቅም» አለች። ድምጿ አሁን እንደ ልጅ ሆነ። «ለቅሶ መጥተህ ስታለቅስ ነበር አሉ። ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል። አንድ ሰው እንኳ ጥፋቴ ነው ብሎኝ አያውቅም።»

ወጂህ የደረጃውን ብረት ያዘ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አላት።

ናሂድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከሸክም እንደተገላገለ ሰው በረጅሙ ተነፈሰችና በአጠገቡ አልፋ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም። ድምጿ እስከ ታች ይሰማል።

«አባ! አመነ! ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ፣ በራሱ አፍ!»

ወጂህ ባለበት ቆመ። መውረድ ነበረበት፣ ግን አልወረደም። ትንፋሹን ይዞ ጆሮውን ወደ ላይ አቀና። ሽማግሌው አሁን አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ። ሁሉን አይናገር፣ እሺ፤ «ተይው፣ እሱ ምስኪን ነው» እንኳ ቢላት ይበቃው ነበር። ከላይ ወንበር ሲጥጥ አለ። በድዊ አሳለ፤ ደግሞ አሳለ።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ» አላት። «ዳቦው ሳይበርድ እንብላ።»